የአቶ ቸኮል ሞክሼ

በጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አቶ ቸኮል የቤታቸውን ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈው ንፋስ መውጫ ዋናው አስፋልት ዳር ባጃጅ ይጠብቁ ነበር። ነፋሱ የጋቢውን ጫፍ እያነሣ ፊታቸው ላይ ይጥለዋል፤ እሳቸውም ሁለቱም እጃቸው ተይዟልና በአገጫቸው እየገፉ ይመልሱታል።

አቶ ቸኮል ሠላሳ አራት ዓመት በግብርና ባለሙያነት ያገለገሉ፣ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ግማሹን በበቅሎ ግማሹን በእግራቸው የዞሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ አንድ ሥራ ብቻ ይዘዋል። የአገሩን የገብስ ዘሮች በየስማቸው እየዘረዘሩ፣ የትኛው በየትኛው መሬት እንደሚበቅል፣ ገበሬው ስለ እያንዳንዱ ምን እንደሚል፣ ከየሽማግሌው አፍ የሰሙትን በኮምፒውተር ይጽፋሉ። እንዲህ ሲሉ አራት ዓመት አለፈ። ከነገሯቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ዛሬ ከመሬት በታች ናቸው፤ ሄዶ እንደገና መጠየቅ የለም።

ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ከኋላ ወንበር ላይ ሰሚያ ተቀምጣለች። ሰሚያ የጨርቅ ነጋዴው የመሕቡብ ልጅ ስትሆን፣ ከአቶ ቸኮል ቤት ፊት ለፊት አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ደርሳ ተመልሳ፣ አሁን በከተማው ውስጥ የኮምፒውተር ትምህርት ታስተምራለች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ ቸኮል? ምን ተሸክመው ነው? ይስጡኝ፣ ልቀበልዎ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ተይው፣ ይከብድሻል። ኮምፒውተሩ ነው።»

እሳቸውም ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ባጃጁ ተነሣ። «ታዲያ ወዴት ይዘውት ይሄዳሉ?»

«ፎርማት ላስደርገው። አንድ ፎልደር አልከፈትም ብሎኝ፣ ፎርማት ካልተደረገ መፍትሔ የለውም አሉኝ።»

ሰሚያ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገች። «ወንድሜ፣ እዚሁ ጋ አቁምልን።»

አቶ ቸኮል ግራ ገባቸው። ገና ሃምሳ እርምጃ እንኳ አልሄዱም።

«ጋሼ፣» አለች ሰሚያ ከወረዱ በኋላ፣ «ፎርማት ማለት ምን እንደሆነ ነግረውዎታል?»

«ማስተካከል ነው እንጂ ምን ይሆናል? ፎርም ማለት እኮ ቅርጽ ነው። ቅርጹን አስተካክሎ መመለስ ነዋ።»

«አይደለም። ማሳውን ከነሰብሉ ገልብጦ ማረስ ነው። መሬቱ ንጹሕ ሆኖ ይመለስልዎታል፤ እህሉ ግን አይኖርም።»

አቶ ቸኮል ኮምፒውተሩን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ባጃጁ ባይቆም ኖሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ የአራት ዓመት ድካማቸው ባዶ ማሳ እንደሚሆን አሰቡና አንድ ሱቅ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የተማረ ሰው ቃል ባወቀ ጊዜ ነገሩን ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል። አቶ ቸኮልም የደረሰባቸው ይኸው ነበር።

ሰሚያ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ይንገሩኝ።»

እሳቸውም ነገሯት። በክረምቱ ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። ጠጋኝ ተጠራ፤ አዲስ ዲስክ ጨመረበት፣ አሮጌውንም ከነጽሑፉ ጎን ለጎን ተወላቸው፣ «ሁሉም አለ» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ አቶ ቸኮል ወገባቸውን ታመው ወር ያህል ኮምፒውተሩን አልነኩም። በዚያን ጊዜ የተጠቀመችበት የልጃቸው የእዮብ ሚስት ሜላት ብቻ ናት። እዮብ በሥራ ምክንያት ደብረ ታቦር ስለሚውል፣ በወር አንዴ ሁለቴ ብቅ ይላል፤ ሜላት ግን በከተማው ጤና ባለሙያ ሆና ከአማቶቿ ጋር ትኖራለች፣ በርቀትም ትማራለች።

«አንድ ቀን መጣችና፣ ‹አባባ፣ በኮምፒውተሩ ላይ የራሴ መግቢያ ከነፓስወርዱ ላውጣ?› አለችኝ። ምን ልትደብቂ ነው? አልኳት፤ ከለከልኳት። በሳምንቱ ፎልደሬን ብነካው፣ ‹ፈቃድ የለህም› አለኝ። በቤቴ፣ በንብረቴ፣ በገዛ ጽሑፌ! በቂም እንደ ዘጋችብኝ ወዲያው ገባኝ።»

«ጠየቋት?»

«ጠየቅኋት። ‹አልነካሁም አባባ› አለች። ደግሜ ጠየቅኋት፣ ያንኑ አለች። ሦስተኛ ስጠይቃት ዝም አለችኝ። ዝምታ ማመን አይደለም ወይ? በማግስቱ ልብሷን ይዛ ወገዳ፣ አባቷ ቤት ሄደች። ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው።»

«ሦስተኛ ጊዜ የተጠየቀ ሰው፣» አለች ሰሚያ ቀስ ብላ፣ «ዝም የሚለው ሁለቱን መልስ የሚሰማው ስላጣም ሊሆን ይችላል።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ። ኮምፒውተር እግር የለው፣ እጅ የለው፤ ሰው ካልዘጋው በራሱ ይዘጋል?»

«እሱ እውነትዎን ነው። ሰው ሳይዘጋው አይዘጋም። ማን ዘጋው የሚለውን ግን ከእኛ ይልቅ ኮምፒውተሩ ያውቃል። እሱን እንጠይቀው። ቤት እንመለስ።»

ወይዘሮ የኔነሽ፣ የአቶ ቸኮል ባለቤት፣ በሩን ሲከፍቱ ኮምፒውተሩ ተመልሶ መምጣቱን አይተው «ተመስገን» አሉና ሌላ አልጨመሩም። ከሜላት መሄድ ወዲህ በዚያ ቤት ንግግር አጥሯል። ሰሚያ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ ገመዶቹን በየቦታቸው ሰካች፤ ማውዙን ለአቶ ቸኮል ሰጠቻቸው።

«እርስዎ ይሥሩት፤ እኔ እነግርዎታለሁ። ፎልደሩን ይንኩት፤ ከዚያ የሚለውን ቃል በቃል ያንብቡልኝ።»

አቶ ቸኮል መነጽራቸውን አድርገው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበቡ፤ ወደ አማርኛም መለሱት። «ይህን ፎልደር ለመክፈት አሁን ፈቃድ የለዎትም፤ ይላል።»

«ጠፍቷል ይላል?»

«አይልም።»

«ተበላሽቷል ይላል?»

«አይልም።»

«ሜላት ዘጋችው ይላል?»

አቶ ቸኮል መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ፣ ልትፈርጂብኝ ነው የመጣሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። የጻፈውንና እኛ የጨመርንበትን ለመለየት ብዬ ነው። ‹አሁን› የምትለዋን ቃል ደግሞ ልብ ይበሏት። ፈቃድ ይሰጣል፣ ይነሣል፤ ዛሬ የሌለ ነገ ሊኖር ይችላል። ‹ቀጥል› የሚለውን ሲጫኑትስ?»

ተጫኑት። ኮምፒውተሩ ይህም እንደማይቻል ነገራቸው።

«ደህና። አሁን ፎልደሩ ላይ የማውዙን የቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስ የሚለው ውስጥ ይግቡ። ሴኩሪቲ የሚል አለ፤ እዚያ ውስጥ አድቫንስድ የሚለውን ይክፈቱ። ከላይ ኦውነር ብሎ የፎልደሩን ባለቤት ይነግረናል።»

አቶ ቸኮል ከፈቱ። በባለቤቱ ቦታ ላይ የሰው ስም አልነበረም፤ በኤስ ፊደል የሚጀምር፣ በጭረት በጭረት የተከፋፈለ ረጅም ቁጥር ተደርድሯል። ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ።

«ይኸው! የኔነሽ፣ ነይ እዪ! ባለቤቱ ሌላ ሰው ሆኗል! ይኼ የእሷ ቁጥር ነው!»

ሰሚያ አልቸኮለችም። «ሜላት በዚህ ኮምፒውተር ላይ መግቢያ አላት?»

«የላትም። ከልክያታለሁ አልኩሽ እኮ።»

«በኮምፒውተሩ መዝገብ ያልተመዘገበች ሰው የፎልደሩ ባለቤት እንዴት ትሆናለች?»

አቶ ቸኮል ቆመው ቁጥሩን ተመለከቱ፤ ሰሚያን ተመለከቱ፤ ደግመው ቁጥሩን ተመለከቱ። «እንግዲያው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«የእኔማ ቢሆን ቸኮል ይለኝ ነበር። ጠዋት ስከፍተው ‹ቸኮል እንኳን ደህና መጣህ› የሚለኝ ይኸው ኮምፒውተር አይደለም?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በሥራ ላይ ሳሉ በአንድ ቀበሌ ሞክሼ የሆኑ ገበሬዎች ገጥመውዎት አያውቁም?»

አቶ ቸኮል ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «እንዴት አይገጥመኝ! ስማዳ ውስጥ ሁለት ሙሉቀን ነበሩ፤ የአባታቸው ስም ሳይቀር አንድ። ለአንዱ የመጣ ምርጥ ዘር ለሌላው ሰጥቼ፣ ያኛው ሙሉቀን ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስቶኛል። ከዚያ ወዲያ በስም መስጠት ተውኩ፤ በመታወቂያ ቁጥር ሆነ።»

«ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። ሰውን በስም አያውቅም፤ ስሙን ለእኛ ሲል ይጽፈዋል እንጂ እሱ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው። ጠጋኙ አዲሱን ዲስክ ሲያስገባ ‹ቸኮል› የሚል አዲስ መግቢያ አወጣልዎ። አዲሱ ቸኮል አዲስ ቁጥር ተሰጠው። ይህ ፎልደር ግን የተመዘገበው በድሮው ቸኮል ቁጥር ነው። ሁለቱ ቸኮሎች ሞክሼዎች ናቸው እንጂ ለኮምፒውተሩ አንድ ሰው አይደሉም። የድሮው መዝገብ ስለሌለ፣ ቁጥሩን አይቶ የማን እንደሆነ መናገር አቃተው።»

«ሞክሼዬ?» አሉ አቶ ቸኮል። «እኔ ራሴ የራሴ ሞክሼ?»

«አዎን።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ግንባራቸውን አሹ። ነገሩ ግማሹ ገባቸው፣ ግማሹ ደግሞ ልክ ሊይዙት ሲሉ ያመልጣቸዋል። አንባቢያን ሆይ፣ በዚህ አትፍረዱባቸው። ስድሳ ስድስት ዓመት አንድ ሰው ሆኖ የኖረን ሰው፣ ሁለት ነህ ቢሉት ግር ቢለው አያስደንቅም።

ሰሚያ ግን ራሷም አንድ ያልገባት ነገር ነበር። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ፎልደር «ቀጥል» ሲሉት ይከፍታል፤ ይህኛው ለምን እምቢ አለ? ከባለቤቱ በታች የተፈቀደላቸውን ሰዎች ዝርዝር አየች። በዝርዝሩ ያ ረጅም ቁጥር ብቻውን አለ፤ ሌላ ማንም የለም።

«ጋሼ፣ ይህን ፎልደር ከሌላ ሰው ለይተው ያስዘጉበት ጊዜ አለ?»

«እኔ? በቤቴ ውስጥ ቁልፍ የምጠላ ሰው? በጭራሽ።»

ከጓዳው በር ላይ የወይዘሮ የኔነሽ ድምፅ መጣ። «አስዘግተሃል እንጂ!»

ሁለቱም ዞሩ።

«ካቻምና፣ የእህትህ ልጆች ለፋሲካ መጥተው ጨዋታ ሲጫወቱበት አንድ ገጽ ጠፋብኝ ብለህ አገር አልበቃህም። እዮብን ጠርተህ፣ ‹ከእኔ በቀር ማንም እንዳይገባበት አድርገህ ዝጋልኝ፤ አንተም ብትሆን እንዳትገባ› አላልከውም? እዚችው ወንበር ላይ ነው ተቀምጦ የሠራልህ።»

አቶ ቸኮል ቃላቸውን አስታወሱ፤ እዮብ «እሺ አባባ» ማለቱንም አስታወሱ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ታዲያ የዘጋው…»

«ኮምፒውተሩ ትእዛዝዎን ነው የጠበቀው፣» አለች ሰሚያ፤ እንዳትጎዳቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከቸኮል በቀር ማንም አይግባ ብለው ነበር፤ አላስገባም። አዲሱን ቸኮል ደግሞ አላወቀዎትም።»

«ዘጠኝ ቀን፣» አሉ አቶ ቸኮል።

ሰሚያ ወደ ስክሪኑ አመለከተች። «ይክፈቱት እንግዲህ። ከባለቤቱ ቁጥር አጠገብ ቼንጅ የሚለውን ይንኩና በዚህኛው መግቢያ ያለውን ስምዎን ይጻፉ። ከሥሩ ያለችውንም ሣጥን ምልክት ያድርጉባት፤ በፎልደሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ አብረው እንዲዛወሩልዎ።»

ጻፉ፤ ምልክት አደረጉ፤ እሺ አሉት። የፋይሎቹ ስሞች በስክሪኑ ላይ ሽው እያሉ አለፉ። አሁን በባለቤቱ ቦታ «ቸኮል» ተጽፏል። በደስታ ፎልደሩን ቢነኩት፣ ያው መልስ መጣ፤ ፈቃድ የለዎትም።

«አሁንስ ምን ሆነ? ባለቤቱ ነኝ እኮ!»

«መስኮቱን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። ባለቤትነትና ፈቃድ ለየቅል ናቸው፤ መሬቱ በስምዎ ዞሯል፣ አሁን ደግሞ ‹ቸኮል ገብቶ ይረስ› ብለው ይጻፉ። ባለቤት ስለሆኑ መጻፍ ይችላሉ። አድ የሚለውን ይንኩ፣ ስምዎን ያስገቡ፣ ሙሉ ፈቃድ ይስጡት።»

«ለራሴ ፈቃድ ልስጥ?»

«ለራስዎ ይስጡ።»

«እንዲህ መከራ ከማየት ለሁሉም ሰው አንዴ ብንፈቅድስ? ከነዲስኩ?»

«ይህን አያድርጉ። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚሠራባቸው ፎልደሮች አሉ፤ እነሱን ያለ ዕውቀት የነካካ ሰው ማሽኑን ያበላሸዋል። የእርስዎ የሆነውን አንዱን ፎልደር ብቻ፣ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ።»

አደረጉ። ደግመው ነኩት።

ተከፈተ። ጥቁር ገብስ፣ ሰነፍ ገብስ፣ ጠመጅ፤ ፋይሎቹ በየስማቸው ተሰልፈው ወጡ። አቶ ቸኮል አንዱን ከፍተው ጥቂት መስመር አነበቡ፤ የአንድ የእስቴ ሽማግሌ ንግግር ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሰሚያ ሳያዩዋት ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ ሁሉንም ገለበጠች። «አንዱ ቅጂ ከዚህ ቤት ውጭ ይቀመጥ፤ ዲስክ እንደ ሰው ሟች ነው» አለቻቸው።

ፎልደሩ ቢከፈትም አንድ ነገር ገና እንደተዘጋ ነበር። የሜላትን ነገር ያነሡት አቶ ቸኮል ራሳቸው ናቸው።

«እንግዲህ ለሜላት ሽማግሌ ልላክ። ነገ ሁለት ሰው ወገዳ ሄደው ያምጧት።»

«ሽማግሌዎቹ ምን ይሏታል?»

«ታረቂ፣ ተመለሺ፣ ይሏታላ።»

«የሚታረቁት ሁለት የተበዳደሉ ሰዎች ናቸው። እሷ ምን በደለችና ትታረቃለች? አባቷም፣ ጎረቤቱም የሰማው ‹የአማቷን ጽሑፍ ዘግታ ሄደች› የሚለውን ነው። ሽማግሌ ቢመልሳት በምሕረት የተመለሰች ጥፋተኛ ትሆናለች። እንዳልዘጋችው ሊመሰክርላት የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው።»

«አማት ምራቱን ይቅርታ ሲለምን የት ታይቷል? ሽበቴስ? ነገ በዚያ ቤት ቃሌ ይሰማል?»

«ጋሼ፣ እኔ የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ፤ እርስዎን ልመክር አይገባኝም። ግን ለዚያ ሙሉቀን፣ ዘሩን ላሳሳቱበት፣ ምን አሉት?»

አቶ ቸኮል ማውዙን ለቀቁ። «ምንም አላልኩትም። ዓመት ሙሉ ሲያኮርፈኝ፣ እሱ ይቅደም ብዬ ቀረሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞተ።»

ወይዘሮ የኔነሽ ከጓዳ የባላቸውን ካፖርት ይዘው ወጡና ወንበሩ ላይ አስቀመጡላቸው። «ነገ በማለዳው መኪና» አሉ።

የወገዳ መንገድ አጥንት ይለያያል፤ አቶ ቸኮል ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የደረሱት። የሜላት አባት አቶ ቀለመ ወርቅ እንግዳቸውን በአክብሮት አስገብተው አስቀመጡ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ሜላት ተጠርታ መጣች፤ አንገቷን ደፍታ በሩ አጠገብ ቆመች።

አቶ ቸኮል በመንገድ ሲያዘጋጁት የመጡት ንግግር ሁሉ ጠፋባቸው። ተነሥተው ቆሙ።

«ፎልደሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣» አሉ። «ካቻምና፣ በገዛ አፌ አዝዤ። ረስቼው ነበር። እንዴት እንደሆነ አሁንም በደንብ አልገባኝም፤ ቁጥር አለ፣ ሞክሼ አለ፣ ሰሚያ ታስረዳሻለች። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አንቺ አልነካሽውም። ሁለቴ ነገርሽኝ፣ አላመንኩሽም። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

አቶ ቀለመ ወርቅ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ቆሞ የሚናገርን ሽማግሌ ተቀምጦ መስማት ነውር ነውና። ሜላት ግን ቀና ብላ የአማቷን ፊት ስታይ ቆየች፤ በመገረምና በቅሬታ መካከል፣ የቱን እንደምትይዝ ያልታወቃት መሰለች።

«አባባ፣» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ የፈለግሁት ትምህርቴን ለይቼ ማስቀመጥ ነበር። የሚደበቅ ነገር የለኝም።»

«አውቃለሁ። የምትደብቂው ቢኖርሽም የራስሽ ነው። መግቢያሽን ራስሽ አውጪ፤ ፓስወርዱንም ለእኔ አትንገሪኝ።»

በዚህ ጊዜ ነው ፊቷ የተፈታው። አብረው የተመለሱት በማግስቱ ነው፤ አባቷ ሳያሳድሩ አልለቅም ብለው።

ዛሬ በአቶ ቸኮል ቤት ያ ኮምፒውተር አራት መግቢያ አለው፤ የእሳቸው፣ የሜላት፣ የእዮብና የእንግዳ። ሜላት የትምህርቷን ጽሑፍ ማን ሰረዘብኝ ብላ አትሰጋም፤ እንግዳ ልጆች ሲመጡ የሚጫወቱት በእንግዳ መግቢያ ነው፤ ቤተ ሰቡ በጋራ የሚያየው ፎቶግራፍ ደግሞ ለሁሉም በተፈቀደ አንድ ፎልደር ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ በኮምፒውተር ምክንያት «ማን ነካው?» የሚል ጥያቄ አልተሰማም። የገብሱን መጽሐፍ አቶ ቸኮል ይናገራሉ፣ ሜላት ታርማለች፤ ፈቃዱን ለእሷ የሰጡት ራሳቸው ናቸው፣ ቼንጁንና አዱን ሁለት ጊዜ ተሳስተው በሦስተኛው።

ወሬው በሰፈሩ ስለተሰማ፣ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ እምቢ ያለው ጡረተኛ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ላፕቶፕ ይዞ መጣና፣ «ልጄ ሆን ብሎ ዘጋብኝ» ሲል ከሰሰ።

«ልጅህን ተወውና የተጻፈውን አንብብልኝ» አሉት አቶ ቸኮል።

ሰውየው አነበበ። አቶ ቸኮል ረጅም ጊዜ አዳመጡ፤ ደግሞ አስነበቡት። ከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በገበሬ ፊት፣ በሹም ፊት፣ በሚስታቸውም ፊት ካፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል፣ ያለ ምንም እፍረት ተናገሩ።

«አላውቅም፣» አሉ። «ቆይ፣ ሜላትን ልጥራት።»